ድንኳኑ ይቆይ

ታምራትን የሰደበው ፍቅሩ ነው። ቀኑም የቃና ዘገሊላ ዕለት ነው፤ ልጁ ሄኖክ ወደ ዓረብ አገር በሄደ በዓመቱ፣ ሚካኤል ገብቶ ሕዝቡ ሲበተን፣ ቅሬው ከሾላው ጥላ ሥር በተሰበሰበበት። ማን የት ተቀምጦ እንደነበር፣ ማን ምን ለብሶ እንደነበር ሳይቀር ታምራት አይረሳም። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድነት የሚቀባበርበት ቅሬ ነው፤ ያን ቀን የቅሬውን ድንኳን በቤቱ የሚያኖር ሰው ተፈልጎ ታምራት እጁን አወጣ። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ጣራውም አያፈስም። ድንኳን ያለበትን ቤት ደግሞ ሠርግ ያለውም ለቅሶ ያለውም ያንኳኳል። በሩን የሚያንኳኳለት ሰው የሌለው ሰው ይህችን ይመኛል።

ፍቅሩ የቅሬው ዳኛ ነው። ዘንጉን ተደግፎ፣ ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር ቃኝቶ እንዲህ አለ፦

«የወለደውን ልጅ መጠበቅ ያቃተው ሰው ድንኳን ልጠብቅ ይላል! ሰማችሁ? ከአራተኛ ክፍል የፈረጠጠ አባት፣ ከአሥረኛ ክፍል የፈረጠጠ ልጅ! ድንኳኑም እዚያ ቤት ከገባ ፈርጥጦ ጅቡቲ ነው የምናገኘው!»

ሰው ሳቀ። ባለ ወፍጮው ሀብታሙ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። የታምራት የማሳ ጎረቤትና ወዳጅ ነጅሙዲን እንኳ አፉን በሽርጡ ጫፍ ሸፈነ። ሳቅ ይሁን ሳል ታምራት አልለየለትም፤ ጠይቆትም አያውቅም። ብቻ በሆዱ ይዞታል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? ታምራትን ደግሞ የወጋው አንድ ፍቅሩ ብቻ አይደለም። የግብርና ባለሙያው ስለ ሽንኩርት በሽታ ሲያስረዳ «እስቲ የሚገባው ሰው ጥሩልኝ» ብሎታል። የሚስቱ አጎት በሠርጉ ቀን፣ ሙሽራው እየሰማ፣ «ምን ይደረግ፣ ሰው ጠፍቶ ነው» ብሏል። ታምራት ሽንኩርት ሲኮተኩት፣ ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈውን ውሃ ወደ መደቡ ሲመልስ፣ እነዚህን ሰዎች አንድ በአንድ ፊቱ እያቆመ መልስ ይሰጣቸዋል። መልሱም የሚያንጨረጭር መልስ ነው። ክፋቱ፣ ሁልጊዜ የሚመጣለት ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

ዘንድሮ ግን መልሱ በእግሩ ሄዶ ቤቱ ገባ። ልጁ ኤደን ደብረ ብርሃን የመጨረሻ ፈተናዋን ጨረሰች፤ የመውጫ ፈተና የሚሉትንም አለፈች። ምርቃቱ ቅዳሜ ነው ተባለና እስከዚያ ቤቷ መጥታ ትጠብቅ ጀመር።

ፈተና አልቆ ምርቃት ያልደረሰለት ሰው ጠባዩ ግራ ነው። ተማሪ አትላት፣ ሠራተኛ አትላት። ኤደን ፀሐይ እስኪያናጥጥ ትተኛለች፤ መሀል ላይ «ፈተና አለብኝ!» ብላ ትባንናለች፤ ከዚያ ትዝ ሲላት ብቻዋን ትስቃለች። ከቀትር በኋላ ከማንጎው ሥር ተቀምጣ፣ አንድ ክፍል አብራት ከኖረችው ከሊድያ ጋር በስልክ ስለ ጋዋኑ ትጨቃጨቃለች። ጋዋኑ ረዝሟል፤ የእናቷ የእቴነሽ መርፌ ሊያሳጥረው ነው። በመሀል ደግሞ ለወንድሟ ለሄኖክ ትደውላለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። «በምርቃትሽ ቀን በቪዲዮ አያለሁ፤ ቆቡን ስትወረውሪው ወደ እኔ አድርገሽ ወርውሪው» ብሏት ነበር።

«ኔትወርክ ነው» ይላል ታምራት። «ከሙዐዊያ ጋር በረሃ ገብተው ይሆናል።» ሙዐዊያ የነጅሙዲን ልጅ ነው፤ ሁለቱ ልጆች አብረው ነው የወጡት፤ እዚያም አንድ ቦታ ነው የሚሠሩት።

ታምራት ራሱ ሥራ በዝቶበታል። ኤደን በጋዋን የተነሳችውን ፎቶ በትልቅ ባነር አሳትሞ፣ በገዛ አጥሩ ላይ ሳይሆን ከፍቅሩ በር ፊት ለፊት ባለው የመብራት እንጨት ላይ ሰቀለው። ፍቅሩ በሩን በከፈተ ቁጥር የታምራት ልጅ ሣቅ ብላ ትቀበለዋለች።

«ሰው የልጁን ፎቶ በሰው ደጅ ይሰቅላል?» አለች እቴነሽ።

«መንገዱ የመንግሥት ነው!»

ሰኞ ጧት ድንኳን ሊጠይቅ ወደ ፍቅሩ ቤት ሄደ። ፍቅሩ እንደሚከለክለው አልተጠራጠረም። እንዲያውም እንዲከለክለው ፈልጓል፤ ለዚያ የሚሆን መልስ ሲያዘጋጅ ነው የከረመው። ፍቅሩ ደጁ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ታምራትን ሲያይ ብድግ አለ። ፍቅሩ፣ ለቄስ እንኳ ከወገቡ በላይ የማይነሳው ሰውዬ!

«ግባ ታምራት። ግባ ወንድሜ።»

ታምራት ከኋላው ሌላ ታምራት የቆመ መስሎት ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም።

«አልገባም» አለ። «ድንኳን ፈልጌ ነው። ለልጄ ምርቃት። ደንቡ የሚፈቅድልኝ ከሆነ…»

«ትልቁን ውሰድ።»

«የቱን?»

«አዲሱን። አግዳሚውንም፣ ድስቱንም ውሰድ። አንተ እንዳትሸከም፤ ጎረምሶቹ ሐሙስ መጥተው ይተክሉልሃል። እኔም እመጣለሁ።»

የተዘጋጀው ስድብ ሥራ ፈታ። «እሁድ ጧት ነቅዬ እመልሳለሁ» አለ።

ፍቅሩ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «አትንቀለው። ይቆይ።»

«እስከ መቼ?»

«ይቆይ አልኩህ። የሚነቅለው ሰው አለ። አንተ ብቻ ልጅህን አስመርቅ።»

ታምራት ወደ ቤቱ ሲመለስ እግሩ መሬት አይረግጥም። ደንግጧል፤ ግን ደስ የሚል ድንጋጤ ነው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ሀብታሙ ዱቄት የሸፈነው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ወጥቶ፣ በሁለት እጁ ጨበጠው። አልሳቀም። «አይዞህ» አለው። ምርቃት ላለበት ሰው አይዞህ ምን ማለት ነው? የድግሱን ድካም ማለቱ ነው ብሎ ተወው። ከቦኖው ጋ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች እሱ ሲቃረብ ወሬያቸውን አቆሙ። ድሮ ሲያልፍ ወሬያቸውን ማቆም ቀርቶ እግራቸውንም አይሰበስቡለትም ነበር።

«ፈሩኝ!» አለ ቤቱ እንደገባ።

«እነማን?» አለች እቴነሽ፤ መርፌዋን ከጋዋኑ ጫፍ ላይ ሳታነሳ።

«አገሩ በሙሉ! ምሁር የወለደ ሰው እንዲህ ነው አንቺዬ! ፍቅሩ ተነሳልኝ። አዲሱን ድንኳን ውሰድ አለኝ። እንዳትነቅለውም አለኝ!»

እቴነሽ መርፌዋን አቆመች። «ፍቅሩ? ለገዛ እህቱ ልጅ ሠርግ አሮጌውን የሰጠው ፍቅሩ?»

«ያው ፍቅሩ!»

«እንጃ» አለች። «የእኔ እናት ማርያም፣ ደግ ደጉን አሰሚን።»

ታምራት ተናደደባት። ክብር ስትመጣ እንኳ በጥርጣሬ የምትቀበል ሴት! ድግሱንም ሐምሌ አምስት ካለፈ በኋላ፣ የሰኔ ጾም ሲፈታ እናድርገው ብላው ነበር። «የሰኔ ጾም የቄስ ነው» ብሎ ዘግቷታል። በሬው ተገዝቷል፤ ለእስላሞቹም ሁለት ፍየል ታስረዋል፤ ባራኪው ነጅሙዲን ነው።

ይህ ነጅሙዲንም ያን ሰሞን ሌላ ሰው ሆኗል። ማክሰኞ ታምራት ማሳው ሲወርድ ሽንኩርቱ ጠግቦ ጠጥቶ አገኘው። ነጅሙዲን ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሊሄድ ነው።

«ማነው የእኔን ያጠጣው?»

«እኔ ነኝ። ድግስ አለብህ ብዬ።»

«ወግ ነው! ተራዬን እየሰረቅህ የኖርክ ሰው ዛሬ አጠጪ ሆንክ? ፀሐይ በየት ወጣች?»

ሌላ ቀን ቢሆን ነጅሙዲን «አንተ ተራህን የምታውቀው ከብት ሲጠጣ አይተህ ነው» ወይም እንዲህ ያለ ነገር ይመልስ ነበር። እነሱ ሰላምታቸውም ስድብ ነው። ዛሬ ግን ዶማውን ከትከሻው ወደ ትከሻው አዛወረና፣

«በድዬህ ከሆነ አፉ በለኝ» አለ።

«ኧረ ምን ነካህ ሰውዬ? ቅዳሜ እንዳትጠፋ ብቻ፤ ፍየሎቹ ያንተ ናቸው።»

«ኢንሻአላህ» አለና ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

ሐሙስ ድንኳኑ መጣ። የሮቢት ሙቀት ቆርቆሮ በሚያስጮህበት ሰዓት ጎረምሶቹ ሸራውን ዘረጉ። ፍቅሩ በእርጅናው ኮቱን አውልቆ ካስማ ይመታል። ሀብታሙ ገመድ ይዟል። ነጅሙዲን አግዳሚ ይደረድራል። ታምራት እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆሟል፤ ይህን ያህል ሰው ለእሱ ሲደክም አይቶ አያውቅም። ኤደንና እናቷ ውስጥ ናቸው፤ ጋዋኑ ለመጨረሻ ጊዜ እየተለካ ነው፤ ሳቃቸው በመስኮት ይወጣል።

ባለ ጋሪው ሙሀሲን የመጨረሻውን ጭነት አምጥቶ ማውረድ ጀመረ። ድስት አወረደ። ጣሳ አወረደ። ከሥር ሁለት ማዳበሪያ ቀረ። ላቡን ጠረገና፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ጋሼ ፍቅሩ፣ የንፍሮው ስንዴና ባቄላስ እዚሁ ይውረድ ወይስ እሁድ ላምጣው?» አለ።

«ዝም በል አንተ!» ፍቅሩ መዶሻውን እንደያዘ ዞረ። «ዝም በል!»

ግን ታምራት ሰምቷል።

«ምን አለ? ንፍሮ?»

ጎረምሶቹ ወደ ፍቅሩ ዞሩ።

«ንፍሮ አለ? ለልጄ ምርቃት ንፍሮ? የለቅሶ እህል?» ደሙ ወደ ራሱ ወጣ። አሁን ገባው! ሰኞ መነሳቱ፣ ወንድሜ ማለቱ፣ አዲሱ ድንኳን፣ ለካስ ሁሉም ለዚህ ነው! ለድግስ በሬ የገዛ ሰው ደጅ ላይ ንፍሮ አስቀቅሎ ዕድሜ ልኩን ሊሳለቅበት! «አንተ ፍቅሩ!» አለ። አንቱ ማለቱን ያን ቀን ተወው። «አንተ ሽማግሌ ነኝ ባይ! በቃና ዘገሊላ ሰው ሁሉ ፊት አዋረድከኝ፤ ዝም አልኩ። ልጄን ፈርጣጭ አልክ፤ ዝም አልኩ። ዛሬ ደግሞ ደጄ ድረስ መጥተህ በምርቃት ድንኳን ንፍሮ ታቀርብልኛለህ? የአንተ ልጆች የት ደረሱ? አንዱ ሰካራም፣ አንዱ ቁማርተኛ! ዘንግ ስለያዝክ ሰው የሆንክ መሰለህ? ቀንተህ ነው! ከዚህ ከጎጆ ምሁር ስትወጣ ዓይንህ ደም ለበሰ!»

ለዓመታት ሲኮተኩተው የኖረው መልስ ይኸው ወጣ፤ ሰውዬው ሳይሄድ፣ ፊት ለፊት፣ ሰው እየሰማ። ጎረምሶቹ ገመድ እንደያዙ ደርቀዋል። ታምራት ደረቱን ነፍቶ ጠበቀ። ፍቅሩ አሁን ይፈነዳል፤ ያን ምላሱን ያወጣል፤ ከዚያ ይለይላቸዋል።

ፍቅሩ መዶሻውን መሬት ላይ አኖረ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ልክ ነህ» አለ። «በድዬሃለሁ። ያን ቀን የተናገርኩት መናገር አልነበረብኝም። ይቅር በለኝ።»

ታምራት ደነገጠ። ይህችን ቃል ስንት ዘመን ሲጠብቃት ኖሯል! ስትመጣ እንዴት እንደሚኮራ፣ እንዴት «አስብበታለሁ» ብሎ እንደሚያስጨንቀው አስቦ ጨርሷል። አሁን መጥታ ፊቱ ቆመች፤ እሱ ግን ሰዉን ዙሪያውን ቃኘ። ለፍቅሩ ተሟግቶ እሱን የሚያስታግስ ሰው የለም። «ኧረ ተው ታምራት፣ ሽማግሌ አይሰደብም» የሚል የለም። ሀብታሙ የገዛ እግሩን ያያል። የፍቅሩ ዓይን ቀልቷል፤ የተሰደበ ሰው ዓይን አይደለም።

ታምራትም ከሽማግሌዎች ጋር ወጥቶ መርዶ አርድቶ ያውቃል። መርዶ የተደበቀበት ሰው ምን ቢናገር ማንም አይመልስለትም። ቢሳደብ ይችሉታል፤ ቢያንጓጥጥ ይችሉታል። አይዞህ ይባላል፤ ሥራው ይሠራለታል። ሌላ ማንንም ሰው ደግሞ እንዲህ አይችሉትም።

ይቆይ ያለው ድንኳኑን ነው። ንፍሮው ለእሁድ ነው።

«ነጅሙዲን» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

ነጅሙዲን አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ።

«ሙዐዊያ ደውሎ ነበር?»

«ደውሏል።»

«መቼ?»

«እሁድ።»

«ምን አለ?»

ነጅሙዲን መሬቱን በጣቱ ጫረ። «ውሃ የሚያመላልሱበት ቦቴ ተገልብጦ… ሙዐዊያ ሌላኛው መኪና ላይ ነበር። በእጁ ነው ያነሳው። በእጁ ነው ያለፈው። አላህ ያውቃል ታምራት፣ ከእሁድ ወዲህ እህል በጉሮሮዬ አልወረደም።»

ታምራት ሰማ። የሰማው ግን ጆሮው ብቻ ነው፤ ሌላው አካሉ ገና አልደረሰበትም። ዓይኑ የሙሀሲን ፈረስ ላይ ቀረ። ፈረሱ የማንጎ ልጣጭ ከመሬት እየለቀመ ይበላል። ይሄ ፈረስ ሆዱን ሊያመው ነው፣ ሰው የለም የሚከለክለው፣ ብሎ አሰበ። ከዋናው መንገድ ከደብረ ሲና የሚወርድ ከባድ መኪና ፍሬን ሲያፏጭ ተሰማው፤ እስኪያልፍ ድረስ አዳመጠው።

«ማን ማን ያውቃል?»

«ቅሬው በሙሉ።»

«እቴነሽ?»

«አታውቅም። ልጅቷም አታውቅም።»

ፍቅሩ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ቀረብ አለ። በሹክሹክታ ነው የተናገረው። «እሁድ ጎህ ሲቀድ ልናረዳችሁ ነበር። ልጅቷ ትመረቅ ብለን ነው፤ አራት ዓመት የለፋችበት ነው። ደግ አደረግን፣ ክፉ አደረግን፣ እኛም አላወቅንም። ከእንግዲህ ግን ነገሩ ያንተ ነው። ላልቅስ ካልክ ድንኳኑ ይኸው ተተክሏል፤ አሁኑኑ አብረንህ እንቀመጣለን። እስከ እሁድ እችለዋለሁ ካልክ ደግሞ…» አልጨረሰውም።

ታምራት አንድ ጊዜ ቢጮህ እቴነሽ መርፌዋን ጥላ ትወጣለች። ኤደን ጋዋኑን አውልቃ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ላይ ስሟ ይጠራል፤ አቤት የሚል የለም። ዝም ካለ ደግሞ ቅዳሜ በሬው ይታረዳል፤ ይበላል፤ ይጨፈራል፤ እቴነሽ ልጇ ከሞተ በሳምንቱ እልል ትላለች። እሁድ ጧት ስትሰማ መጀመሪያ የምትይዘው የእሱን አንገት ነው። አንተ ታውቅ ነበር? እያወቅህ አስጨፈርከኝ? ትለዋለች። ለዚህ መልስ ከሽንኩርት ማሳ አይገኝም።

በሩ ተከፈተ።

«አባዬ! እየኝማ!»

ኤደን ናት። ጥቁሩ ጋዋን በልኳ ሆኗል፤ ቆቡን ወደ ጎን ሸፈፍ አድርጋዋለች፤ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል፤ ትስቃለች። እናቷ ከኋላዋ ክር በጥርሷ እየበጠሰች ብቅ አለች። ግቢው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ ሀብታሙ እንደምንም አጨበጨበ። ሌሎቹም አጨበጨቡ። ጭብጨባው ወጥ አልነበረም።

«ምነው ጩኸትህ እስከ ውስጥ ተሰማ?» አለች ኤደን። «ከጋሼ ፍቅሩ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?»

«አይ የእኔ ልጅ» አለ ፍቅሩ፤ ባርኔጣውን ቶሎ ብሎ እየደፋ። «ድንኳኑ ጠመመ ብሎኝ ነው። ልክ ነው፤ ጠሟል፤ አቃናዋለሁ።»

«ዛሬስ አባትሽ ቀናው ሁሉ ጠማማ ሆኖበታል» አለች እቴነሽ። «ከሰኞ ጀምሮ ኩራቱ አላስቀምጥ ብሎታል።»

ኤደን ሮጣ መጥታ በታምራት ክንድ ሥር ገባች። ስልኳን ከፍ አድርጋ ዘረጋች። «ሣቅ በል እንጂ! ኧረ ጥርስ አሳይ!» አለችው። ታምራት ጥርሱን አሳየ። ስልኩ ውስጥ ራሱን አየ፤ የሚስቅ ሰው ይመስላል። የልጁ ትከሻ ከጎኑ ይሞቃል። ከጋዋኑ የአዲስ ጨርቅ ሽታ ይሸተዋል።

ፎቶውን አየችና ሳቀች። «እንዴት ደንግጠሃል! ይሁን፣ ያምራል። ይቺን ለሄኖክ ነው የምልክለት። በረሃ ሆኖ ስልኩ ቢዘጋም፣ ሲከፍተው መጀመሪያ የሚያያት እሷ ትሁን።» አውራ ጣቷን ስልኩ ላይ እንዳደረገች ቀና ብላ አየችው። «አባዬ፣ ከሥሯ ምን ብዬ ልጻፍለት? አንተ ንገረኝ። ያልከውን እንዳልከው ነው የምጽፈው።»

ነጅሙዲን ከአግዳሚው ተነሳ። ፍቅሩ መዶሻውን ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ እንደጎነበሰ ቀረ። ሁሉም የታምራትን አፍ ነው የሚያዩት። አፉን ቢከፍት የሚወጣው መርዶው እንደሆነ ታምራት ያውቃል።

የልጁን እጅ ከክንዱ ላይ ቀስ ብሎ አወረደ። የድንኳኑን ገመድ ተሻገረ። በጋሪው ጎን ሲያልፍ በፈረሱ አፍ ውስጥ የቀረውን ልጣጭ በጣቱ አወጣና ጣለው። ከዚያ ወደ ሽንኩርቱ ማሳ የሚወስደውን መንገድ ያዘ።

«አባዬ?» አለች ኤደን።

አልዞረም።